ዜማ ጠፋ ወይስ ጆሮ ጠፋ?
መቱ ላለው ኪቦርድ ተጫዋችና ለመሰሎቹ

“ዘንድሮ ዜማ አልቋል!” የማይል ወጣት የለም። የአምናው ዘፈን ከዘንድሮው፣ የዘንድሮውም ከመጪው ዓመት አይለይም ይባላል። ምቱ አንድ፣ ኪቦርዱ አንድ፣ ግጥሙም ያው “ዓይንሽ” እና “ጥርስሽ” ነው። ሐሜቱ ቢጋነንም ጨርሶ ውሸት አይደለም። ግን እስቲ እንጠያየቅ፤ ያለቀው ዜማው ነው ወይስ የሚሰማው ጆሮ?

ነገሩን ያነሳሁት አለምክንያት አይደለም። ከመቱ አንድ ረዘም ያለ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ እንደ ልማዳችን ስሙን አንጠቅስም። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። መጀመሪያ በሰው ኪቦርድ ተለማመደ፣ ኋላ የራሱን ገዛ። አሁን ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ በደሌ ሠርግ ሲኖር እሱ ነው የሚጠራው። “የሰው ዘፈን መጫወት ታከተኝ፤ አንድ የራሴን ሥራ ሳላወጣ አላርፍም” ይላል።

ችግሩ ያው ገንዘብ ነው። አባቱ ሲያርፉ ለእናቱ፣ ለእሱና ለታናሽ እህቱ የቀረላቸው የቡና ማሳ ነው። ማሳው ውስጥ ለቡናው ጥላ የሚሆኑ ትላልቅ ዋንዛዎች ቆመዋል። አንድ የጣውላ ነጋዴ ዋንዛዎቹን አይቶ ደህና ዋጋ ሰጥቶታል። ልጁም በዚያ ብር አዲስ አበባ ገብቶ ስቱዲዮ ሊከራይ አሰበ። እናቱ ግን “አባትህ ያቆየውን ጥላ ልትጥለው ነው?” ብለው ይኸው አኩርፈውታል።

ደብዳቤው የሚያበቃው እንዲህ ነው፦ “እናንተ ከተማ ስላላችሁ ይገባችኋል። እዚህ ምን ሙዚቃ አለ? ዝናብ ነው፣ ጉሬዛ ነው፣ ወፍ ነው። ዛፎቹን ልሽጥ ወይስ ተስፋዬን ልቁረጥ?”

ወንድማችን፣ ጥያቄህን ስትጽፍ መልሱንም አብረህ ጽፈኸዋል፤ አላየኸውም እንጂ። ዛፎቹን በኋላ እንመለስባቸዋለን። መጀመሪያ ዝናቡን፣ ጉሬዛውንና ወፉን እንያቸው።

ትልና ሦስት ወፎች

የያሬድን ታሪክ ያልሰማ የለም። አብዛኞቻችን ግን የምናውቀው ለፈተና ያህል ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም የኖረው ያሬድ ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባ ብሎት ነበር ይባላል። አጎቱም መምህሩም ከነበሩት ከአባ ጌዴዎን ቤት ኮበለለ። መንገድ ላይ ዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ አየ። ትወጣለች፣ ትወድቃለች፤ ደግማ ትወጣለች፣ ደግማ ትወድቃለች። በመጨረሻ ፍሬው ላይ ደረሰች። ልጁም ተመልሶ ተማረ። ትውፊቱ እንደሚለው ዜማውን የገለጡለት ደግሞ ከገነት የተላኩ ሦስት ወፎች ናቸው። የዜማው ስልቶችም ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ።

ታሪኩን በእምነት የሚቀበል በእምነቱ ይቀበለው። እኔ እዚህ ላሳያችሁ የፈለግሁት ግን አንድ ነገር ነው። የአገራችን ትልቁ የሙዚቃ ታሪክ የሚጀምረው ከመሣሪያ መደብር አይደለም። የሚጀምረው ከዛፍ፣ ከትልና ከወፍ ነው!

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የያሬድ ድጓ የሚዜመው ወቅት እየጠበቀ ነው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። ይህ ክረምት ራሱ ይከፋፈላል፤ የዘርና የደመና ጊዜ አለው፣ የመብረቅና የነጎድጓድ ጊዜ አለው፣ የባሕርና የወንዞች ጊዜ አለው። “ዕጓለ ቋዓት” የሚባል፣ ማለትም የቁራ ጫጩቶች የሚታሰቡበት ጊዜም አለው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ ዘመነ ጽጌ፣ የአበባው ጊዜ ነው። እንግዲህ የአገራችን ደብተራ ዜማውን ከሰማዩና ከምድሩ ጋር እያስማማ መቶ ዓመታትን ተሻግሯል ማለት ነው።

በቅርቡም ዘመን ቢሆን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ማስታወስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ ያረፉት እኚህ መነኩሲት በፒያኖ ከተጫወቷቸው የራሳቸው ድርሰቶች ውስጥ ባሕርንና አባይን በርዕሳቸው የሚጠሩ አሉ። የሚሰማቸው ሰው የዜማ ጆሮና ፒያኖ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ይረዳል።

ፈረንጅም ወፍ ያዳምጣል

“ይሄ የድሮ ነው” የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ውጭ እንሂድ።

ኦሊቪዬ ሜሲያን የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ማርከው ካምፕ ውስጥ አስገቡት። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1941 በዚያው ካምፕ፣ በብርድ፣ በምርኮኞች ፊት አንድ አዲስ ድርሰት ቀረበ። በድርሰቱ ውስጥ ክላርኔቱና ቫዮሊኑ እንደ ወፍ ይዘምሩ ነበር። ሜሲያን ከጦርነቱ በኋላም ደብተርና እርሳስ ይዞ ጫካ ለጫካ እየዞረ ወፍ ሲሰማ የሚጽፍ ሰው ሆነ። ከ1956 እስከ 1958 ለፒያኖ የጻፋቸው 13 ክፍሎች የወፎች ናቸው። ታዲያ አንድ ብልሃት ነበረው። የወፍ ዜማ ለሰው እጅ በጣም ፈጣን፣ ለመሣሪያም በጣም ቀጭን ነው። ስለዚህ ያዘገየዋል፣ ዝቅም ያደርገዋል። ይቺን ብልሃት ያዟት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደን ውስጥ የሚኖሩ ካሉሊ የሚባሉ ሕዝቦች ደግሞ አሉ። አሜሪካዊው ስቲቨን ፌልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ እነሱ መጽሐፍ አውጥቷል። ካሉሊዎች የዜማ ትምህርት ቤት የላቸውም። የዜማን መውረድና መፍሰስ የሚጠሩት በፏፏቴ ቋንቋ ነው። የለቅሶ ዜማቸውም የደናቸውን የአንዲት ርግብ ድምፅ ይከተላል። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው ከውሃው ጋር ይዘፍናሉ፤ ውሃው አጃቢያቸው ነው።

ሳይንቲስቶቹም ሙዚቃና ተፈጥሮ የሚገናኙበትን ቦታ ፈልገዋል። ለረጅም ዘመን ግብፅ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሀሮልድ ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ናይል ሙላት ያወጣው ጥናት ታዋቂ ነው። ውሃው የበዛባቸው ዓመታት ተከታትለው ይመጣሉ፤ ያነሰባቸውም እንዲሁ። ግን መቼ እንደሚለወጥ በትክክል መናገር አይቻልም። በ1975 ደግሞ ሪቻርድ ቮስና ጆን ክላርክ የሚባሉ አሜሪካ የሚሠሩ የፊዚክስ ሰዎች በሬዲዮ የሚተላለፍ ሙዚቃን ለኩ። ያገኙት ነገር የዚያ ዓይነት ነው። ጆሮ የሚወደው ሙዚቃ ጨርሶ የሚገመትም፣ ጨርሶ የተበተነም አይደለም። ትንሽ ይደግማል፣ ትንሽ ያስደንቃል። ወንዝም እንዲሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዳንኤል ክሮፎርድ የሚባል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ1880 ወዲህ የነበረውን የዓለም ሙቀት ወስዶ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ድምፅ ሰጠ። ሙቀቱ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። ከዚያ በቼሎ ተጫወተው። መጨረሻው ላይ ዜማው ሽቅብ ሲወጣ ለመስማት የአየር ንብረት ትምህርት አያስፈልግም።

ኢሉባቦር ምን አላት?

አሁን ወደ ሠፈርህ እንመለስ። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው መቱ “ምንም የሌለበት” ከተማ ነው ብለሃል። እኔ ደግሞ አራት ነገር ልቁጠርልህ።

አንደኛ፣ ጉሬዛ። ያ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ ጦጣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የሚጀምረው። አንዱ አውራ ያጓራል። ጎረቤቱ ይቀበላል፤ የዚያኛው ጎረቤት ደግሞ ከሱ ይቀበላል። ድምፁ ከኮረብታ ኮረብታ እንደ ማዕበል ይሄዳል። በሠርግ ቤት አውጪና ተቀባይ የምንለው ይሄው አይደለም እንዴ? ኡጋንዳ ውስጥ በቡዶንጎ ደን የተጠኑ ጉሬዛዎች ነብር ሲያዩና ንስር ሲያዩ የሚያሰሙት ጥሪ ይለያያል። ልዩነቱ በአብዛኛው በአደራደሩ ነው፤ ስንት ጊዜ ማጓራት፣ የት ላይ ማቋረጥ። ያው ድምፅ፣ ሌላ አደራደር፣ ሌላ መልእክት! ሙዚቃ ማለት ሌላ ምንድነው?

ሁለተኛ፣ ሶር። ከመቱ ብዙ ሳይርቅ በበቾ በኩል ሶር ወንዝ ከገደል ይወረወራል። ከሶር ወደ ገባ፣ ከገባ ወደ ባሮ፣ እያለ ነጭ አባይን ይቀላቀላል። ፏፏቴውን ከሩቅ ስትሰማው ወፍራም ጉምጉምታ ብቻ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ደኑና አየሩ ይውጡታል። እየቀረብክ ስትሄድ ቀጫጭኑ ድምፅ አንድ በአንድ ይጨመራል። ኪቦርድህ ላይ ፊልተር የሚባለውን ቁልፍ ቀስ አድርገህ ስትከፍት የምትሰማው ይህንኑ ነው። ወደ ሶር የሚወስደው የእግር መንገድ የዘፈን መግቢያ ነው ብልህ አታምነኝም?

ሦስተኛ፣ ንብ። የኢሉባቦር ሰው ቀፎውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ንብ ክንፏን በሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ስለምታማታ ድምፁ አይቋረጥም፣ ያው አንድ ቦታ ላይ ይቆያል። የበገናውን ድምፅ አስበው፤ እንዚራው ጅማቱን እየነካ የሚያሰማውን “ዝዝዝ”። ከሥር የሚቆም አንድ ድምፅ ሲኖር ከላይ ያለው ዜማ ያምራል።

አራተኛ፣ ዝናብ። ይሄኛው ትልቁ ሀብትህ ነው። የአካባቢህ ዝናብ ከአገሪቱ ብዙ ቦታዎች ይበልጣል። አመጣጡ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያንሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ክረምት ላይ ጣራ ይነካል፣ ጥቅምት ላይ ይወርዳል። አንድ ሻኛ ያለው ነው። የቦረናን ብትወስድ ግን ሁለት ሻኛ አለው፤ አንዱ በሚያዝያ፣ አንዱ በጥቅምት። ስለዚህ የ12 ወሩን ዝናብ 12 ድምፅ ብታደርገው የመቱ ዜማና የቦረና ዜማ አይመሳሰሉም። አገር በካርታ ብቻ ሳይሆን በጆሮም ይለያል!

ይህ ሁሉ የሚኖረው ታዲያ ደኑ ስላለ ነው። በመቱና በበደሌ መካከል ያለው የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ዓለም የሚጠጣው ቡና በዱሩ የሚበቅልበት ቦታ ነው። የዱር ቡናው ሲጠበቅ ጉሬዛውም፣ ወፉም፣ ንቡም አብሮ ይጠበቃል።

እንዴት ይሠራል?

“እሺ ገባን፤ ግን ጉሬዛ ተቀድቶ ዘፈን ውስጥ ይገባል?” ትሉ ይሆናል። አይደለም። የወፍ ድምፅ ቀድቶ መግቢያው ላይ መለጠፍ ማስጌጫ እንጂ ሙዚቃ አይሆንም። የሚወሰደው ጩኸቱ ሳይሆን አደራደሩ ነው። እርምጃዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ዝም በሉ። አንድ ቦታ ምረጡ። ለሦስት ቀን በአንድ ሰዓት እየሄዱ ለሩብ ሰዓት መቀመጥ ነው። ጎህ ሲቀድ ቢሆን ይመረጣል። ስልኩ ለመቅጃ ካልሆነ ይዘጋ።

2. ቁጠሩ። በእግራችሁ ምት እየመታችሁ አንድ ድምፅ ብቻ ተከተሉ። ወፏ ስንት ጊዜ ጮኸች? ስንት ምት አረፈች? ከዝናብ በኋላ ከቅጠል የሚወርደው ጠብታ በስንት ምት ይመለሳል? ቁጥሩን ጻፉት። ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት ከሆነ ይኸው ምታችሁን አገኛችሁ።

3. ምልክት ስጡ። ኖታ አናውቅም ብላችሁ አትስጉ። የያሬድ ዜማ ምልክቶች ስማቸው ብቻ ያስተምራል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። ድምፁ ሲፈስስ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ድንገት ሲቆረጥ የራሳችሁን መስመር ሣሉ። ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሲያደራጇቸውም ጆሮ የሰማውን ዓይን እንዲያየው ነው።

4. አዘግዩና አውርዱ። የሜሲያንን ብልሃት እዚህ ጋ አውጧት። የቀዳችሁትን አዘግይታችሁ ስሙት። ከዚያ በአንድ ቅኝት ውስጥ አስገቡት። ለምሳሌ በትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ከፍ ያለውን ወደ ላ፣ ዝቅ ያለውን ወደ ዶ እያስጠጋችሁ አስተካክሉ። ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም ይቻላል። ቅኝቱን ስትለውጡ ያው ወፍ ሌላ ስሜት ይዛ ትመጣለች። ክራር ላይም ዋሽንት ላይም ይሠራል።

5. ግማሹን ጣሉ። ተፈጥሮ የሰጠችው ሁሉ ዘፈን አይሆንም። አንድ የሚደገም ሐረግ አስቀሩ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ድግግሞሽ ላይ ትንሽ አጣሙት። ይደግማል፣ ያስደንቃል ያልነው ይሄ ነው።

6. ቋንቋችሁን ጨምሩበት። በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ግጥሙ ያን ቦታ የሚያውቅ ይሁን። በሶር ዜማ ላይ የባሕር ዳርቻ ፍቅር አትግጠሙበት፤ አይሄድም!

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቀዳችሁትን የወፍ ድምፅ ጫካ ውስጥ በትልቁ እየከፈታችሁ ወፎቹን አታስጨንቁ። ጠላት መጣብን ብለው ሥራቸውን ይፈታሉ።

የመብት ነገርም አለ። ወፏ ባለመብት አይደለችም። እናንተ ከሷ ተነስታችሁ የሠራችሁት ድርሰት ግን የእናንተ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው እንዲህ ላለው ሥራ ጥበቃ ነው። ስለዚህ ረቂቁን ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ለማያውቁት ሰው በስልክ አትላኩ።

አሁን ወደ ዋንዛዎቹ

ወንድማችን፣ አሁን ወደ አንተ። እውነቱን እንነጋገር። አዲስ አበባ አትምጣ አልልህም። ጥሩ ስቱዲዮ፣ ጥሩ ባለሙያ፣ በያሬድ ስም የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም እዚህ ነው። መምጣትህ አይደለም ጥፋቱ፤ ይዘህ የምትመጣው ነገር ነው ጥያቄው። ዋንዛዎቹን ሸጠህ ብትመጣ በእጅህ ገንዘብ ይኖራል፤ በጆሮህ ግን እዚህ የሞላውን የሰው ዘፈን ይዘህ ነው የምትመጣው። ገንዘቡ ለጥቂት ቀን ስቱዲዮ ይሆንና ያልቃል። ከዚያስ?

ሒሳቡን ደግሞ ሌላው ወገን አስላው። ቡናው ጥላ ይፈልጋል። ዋንዛው በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ተክተህ ብትተክል ግን እንዲያ ለመሆን የአንተን ዕድሜ ያህል ሊፈጅ ይችላል። በየዓመቱ የሚለቀመው ቡና የእናትህና የእህትህ እንጀራ ነው። ፍሬውን ፈልጋ የምትመጣው ወፍም አብራ ትሄዳለች። አንተ “ወፍ ብቻ ነው ያለው” ያልካትን ወፍ ማለቴ ነው። ዜማህን ለመቅዳት ብለህ የዜማህን ቤት ልታፈርስ ነው ማለት ነው።

እናትህ ያኮረፉት ሙዚቃ ስለሚጠሉ አይመስለኝም። በደብዳቤህ ውስጥ “ኪቦርዱን የገዛሁት እናቴ ከቡናው ሽያጭ ጨምራልኝ ነው” ብለሃል። እንዲህ ያደረገች እናት የምትጠላው ሙዚቃውን ሳይሆን መጥረቢያውን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ነጋዴውን “አይሆንም” በለው። እስከሚቀጥለው የቡና ለቀማ ድረስ ለራስህ ቀነ ገደብ ስጥ። ከላይ ባልነው መንገድ ሦስት ዜማ ሥራ፤ አንድ ከጉሬዛው፣ አንድ ከሶር፣ አንድ ከዝናቡ። በስልክህ በረቂቁ ቅዳቸው። ከሠርግ ከምታገኘው ላይ ትንሽ ትንሽ እያስቀረህ በዚያ የአንድ ዘፈን የስቱዲዮ ሰዓት ግዛ። ሦስቱንም ሠርግ ላይ በመሃል እየጣልክ ሞክራቸው። ሰው ስክስታውን ካላቆመ፣ ወይ አንዱ መጥቶ “ይሄ ደግሞ የማነው?” ካለህ፣ አገኘኸው ማለት ነው። ማንም ካልጠየቀህ ደግሞ ምንም አልከሰርክም፤ ዋንዛው ቆሟል፣ ቡናው አለ፣ ነገም ጎህ ይቀዳል።

ሥራውን ስትጨርስ ለእኛም ላክልን፤ በደስታ እንሰማዋለን። ከኛ በፊት ግን እናትህን ቁጭ አድርገህ አሰማቸው።